ጠሪና ተጠሪ፦ ስለ ፕሮግራም አጠራር ስልት ታሪክና ስለ ላይብረሪ ደራሲዎች ሥልጣን

በአዲስ አበባ ከተማ በስተደቡብ የሚገኘው የጎፋ ሰፈር በሁለት ዓይነት አጠራር ሲጠራ ኖሯል። አንደኛው የመዝገብ አጠራር ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌዎችን ካቋቋመ ወዲህ የአንድ ነዋሪ አድራሻ በመንግሥት ቅጽ ላይ ይሰፍር የነበረው የከፍተኛው ቁጥር፣ የቀበሌው ቁጥር፣ የቤቱ ቁጥር እየተባለ በተራ ነበር። ቁጥሮቹ ራሳቸው ምንነታቸውን አይናገሩም፤ የትኛው የቀበሌ፣ የትኛው የቤት እንደሆነ የሚለየው በተቀመጡበት ተራ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሕዝቡ አጠራር ነው፤ ጎፋ ማዞሪያ፣ ጎፋ ገብርኤል፣ ጎፋ ካምፕ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች እንደ አዲስ ስትደራጅ፣ ኋላም ቀበሌዎች በወረዳ ሲተኩ፣ በቁጥር የተጻፈው አድራሻ ወይ ትርጉሙን አጣ፣ ወይም ከዚያ የከፋው፣ ትርጉም እንዳለው መስሎ ሌላ ቦታ የሚያመለክት ሆነ። በስም የተጠራው ግን ባለበት ቆየ፤ የታክሲ ረዳት ዛሬም «ጎፋ! ጎፋ!» ብሎ ሲጣራ የወረዳ ቁጥር የሚጠይቀው ተሳፋሪ የለም።

ክፍለ ከተማው ራሱ የሚጠራበት «ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት አለው። ስሙ የመጣው ከጣሊያን ወረራ በፊት በአካባቢው ከተተከለው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ ሲወሰድ ትርጉሙ ሽቦ ነበር፤ ስለዚህ «ንፋስ ስልክ» ቃል በቃል ሲፈታ የነፋስ ሽቦ፣ ይኸውም ሽቦ የሌለው ሽቦ ማለት ይሆናል። የመሣሪያው ሠሪዎች ለመሣሪያቸው ያወጡት ስም ይህ አልነበረም። ስሙን ያወጣው ተጠቃሚው ነው፤ ሬዲዮ የሚለው ቃል ከገባና ከጸና በኋላም የሰፈሩ ስም አልተለወጠም።

አንድን ነገር የሠራ ሰው ነገሩ እንዴት እንዲጠራ የመወሰን መብቱ እስከ ምን ይደርሳል? ጥያቄው ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የዘወትር ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የምናነሣው ከኮምፕዩተር ፕሮግራም ጽሕፈት በኩል ነው። እዚያ ከ70 ዓመታት በላይ ሲነሣ ሲወድቅ የቆየ ከመሆኑም በላይ፣ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችን ሳያውቁት ዕዳውን እየከፈሉ ያሉበት ጉዳይ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንድ ጊዜ ተሠርተው በብዙ ሰዎች የሚሠራባቸውን የንዑስ ፕሮግራሞች ስብስብ ላይብረሪ ይሉታል። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን አቻ በዚህ ትርጉም ሲጠቀሙበት አልሰማንም፤ ንባብ ያለበትን ቤት ስለሚያስታውስ እኛም አንገፋበትም፣ ላይብረሪ እንላለን። ንዑስ ፕሮግራሙን በሥራ ላይ ማዋል «መጥራት» ይባላል፤ ድርጊቱ «ጥሪ» ነው። በጥሪው ጊዜ የሚላከውን ነገር ግብዓት፣ የላይብረሪው ደራሲ ለዚያ ግብዓት በውስጥ የሰጠውን ስም የግብዓት ስም ብለነዋል። ግብዓቶቹ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ብቻ የሚለዩ ከሆነ «የተራ ጥሪ»፣ እያንዳንዱ ከነስሙ የሚላክ ከሆነ «የስም ጥሪ» እንላለን። ለምሳሌ ያህል፣ ክፈል(500፣ 12) የሚለው የተራ ጥሪ ነው፤ ክፈል(ብር=500፣ ቀን=12) የሚለው የስም ጥሪ ነው። «አጠራር» የሚለው ቃል በሥነ ልሳን ሰዎች ዘንድ ድምፅን የማውጣት ሁኔታን ስለሚያመለክት «የአጠራር ስልት» ስንል ይህኛውን ማለታችን እንደሆነ አንባቢ ይገንዘብልን። «ጠሪ» ችግር የለበትም። «ተጠሪ» ግን በቢሮ ቋንቋ ኃላፊነት ያለበት፣ መልስ የሚሰጥ ማለት ሆኗል፤ በዚህ ጉዳይ ይህ ድርብ ትርጉም የሚጎዳን አይመስለንም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከተራ ነው። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፕዩተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የፈጸመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1949 ነው። ዊልክስ፣ ዊለርና ጊል በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ የዚህን ኮምፕዩተር ላይብረሪ አሠራር አስረድተዋል። ላይብረሪው በዚያን ጊዜ በቀዳዳ ወረቀት ጥብጣብ ላይ ተቀርጾ በሣጥን የሚቀመጥ እውነተኛ ዕቃ ነበር። ዊለር በፈለሰፈው ዘዴ ጠሪው ወደ ንዑስ ፕሮግራሙ የሚያዘልለውን ትእዛዝ ይጽፍና ግብዓቶቹን ከዚያው ትእዛዝ ቀጥሎ በተራ ይደረድራቸዋል፤ ተጠሪው ከተጠራበት ቦታ ቀጥሎ ያለውን እየቆጠረ ያነባል። በዚህ አሠራር ስም የሚባል ነገር የሚቀመጥበት ስፍራ እንኳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሁለተኛው ፎርትራን «ጥራ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ቋንቋው ሲያስገባም ተራው እንዳለ ቀጠለ። ደራሲው ተራውን ይደነግጋል፤ ጠሪው ያጠናል። ሒሳብ ለሚሠሩ ሊቃውንት ይህ እንግዳ አልነበረም፤ በሒሳብ ቀመርም የሚሠራው እንዲሁ ነውና።

የሰው ዓይን ግን ለተራ ያን ያህል የታመነ አይደለም። አልጎል 60 የተባለው ቋንቋ ያደረገው ነገር፣ ምንም እንኳ ዛሬ የተረሳ ቢሆን፣ እኛን እጅግ አስደስቶናል። በዚህ ቋንቋ ጠሪው ግብዓቶቹን በነጠላ ሰረዝ በመለየት ፈንታ በመካከላቸው የፈለገውን ቃል በቅንፍና በሁለት ነጥብ አጥሮ መጻፍ ይችል ነበር። ቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ግብዓት ምን እንደሆነ ለአንባቢ ይናገራል፤ ኮምፕዩተሩ ግን ዘልሎት ያልፋል። ደራሲው አያዝዘውም፣ አይከለክለውምም፤ ስሙን የሚያወጣው ጠሪው ራሱ ነው፤ ልክ እንደ ንፋስ ስልክ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ጠሪው «ርዝመት» ብሎ ጽፎ ወርዱን ቢልክ የሚያርመው የለም። ነጻነቱ ሙሉ የሆነው ስሙ ምንም ሥራ ስለማይሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1983 ደረጃ የጸደቀለት አዳ የተባለው ቋንቋ ስሙን ሥራ አሠራው። በአዳ ጠሪው በተራ ወይም በስም ለመጥራት ምርጫው የራሱ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጥሪ ሊያቀላቅል ይችላል፣ በተራ የሚልከውን ካስቀደመ። በስም ከጠራ ተራውን እንደፈለገ ይለዋውጣል፤ ስሙን ከተሳሳተ ቋንቋው አይቀበለውም። እዚህ ላይ ግን ቀድሞ ያልነበረ ዕዳ ተወለደ። የግብዓቱ ስም እስከዚያ ድረስ የደራሲው የጓዳ ጉዳይ ነበር፤ ቢፈልግ ነገ ይለውጠዋል። ጠሪው በስም እንዲጠራ ከተፈቀደለት በኋላ ግን ስሙ የውል ቃል ይሆናል። ደራሲው ያችን ስም ቢለውጥ የሰው ሁሉ ፕሮግራም ይሰበራል። በአዳ ደራሲው ይህን ዕዳ አልቀበልም የሚልበት መንገድ አልነበረውም።

ስሞልቶክ 80 ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። በዚህ ቋንቋ የጥሪው ስም ራሱ በግብዓቶቹ መካከል ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ግብዓት አንድ የስም ቁራጭ ይቀድመዋል። ጥሪው ሲነበብ እንደ ዓረፍተ ነገር ይፈስሳል፤ ይሁንና ጠሪው ቁራጮቹን ማስቀደምና ማስከተል አይችልም፤ ቅደም ተከተሉ ከተለወጠ ሌላ ስም ሆነ ማለት ነው። ስሙም ተራውም በደራሲው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ስዊፍት ይህን ውርስ ይዞ አንድ ብልሃት ጨመረበት፤ ደራሲው ለአንድ ግብዓት ሁለት ስም ሊሰጠው ይችላል፣ አንዱ ጠሪው የሚጠራበት የአደባባይ ስም፣ ሌላው ደራሲው በውስጥ የሚሠራበት የጓዳ ስም። የአደባባዩን ስም ጨርሶ ሊያስቀረውም ይችላል። የአገራችን ሰው የክርስትና ስምና የቤት ስም ለይቶ መያዝ ልማዱ ስለሆነ ይህን ብልሃት ለማስረዳት ብዙ አያስቸግርም።

የክርክሩ ዋና መድረክ ግን ፓይተን ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1995 የስም ጥሪን ሲቀበል ምርጫውን እንደ አዳ ለጠሪው ተወለት። በታኅሣሥ 2008 በወጣው ሦስተኛው ፓይተን ደራሲው በግብዓቶቹ ዝርዝር መካከል አንዲት ኮከብ ምልክት በማስቀመጥ ከእርሷ በኋላ ያሉትን በስም ካልሆነ በቀር አትጠሯቸውም ለማለት ሥልጣን አገኘ። በጥቅምት 2019 በወጣው 3.8 ደግሞ በአንዲት ሰያፍ ጭረት ከእርሷ በፊት ያሉትን በስም አትጥሯቸው የማለት ሥልጣን ተጨመረለት። እንዲህ ሆኖ ጠሪው በነጻነት የሚመርጠው በጭረቷና በኮከቧ መካከል የቀረውን ብቻ ሆነ። የኋለኛውን ውሳኔ ያቀረቡት ሰዎች ምክንያት ከላይ ያልነው ዕዳ ነበር፤ ደራሲው ስሙን ወደፊት ሊያሻሽል ይሻል፣ አንዳንድ ስም ደግሞ ከመጀመሪያውም ትርጉም የለውም።

ይህ ዕዳ ተራ ሥጋት አለመሆኑን ከአንድ ዓመት በኋላ የፒኤችፒ ተጠቃሚዎች አዩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የወጣው ፒኤችፒ 8.0 የስም ጥሪን ለሁሉም ጠሪ በአንድ ጊዜ ፈቀደ። ደራሲዎች ለዓመታት እንደ ጓዳ ስም ቆጥረው በግዴለሽነት ያወጧቸው የግብዓት ስሞች በአንድ ቀን የአደባባይ ስም ሆኑ። የላራቬል አዘጋጆች በመመሪያቸው ላይ የግብዓት ስሞችን ሳይለወጡ እንዲኖሩ በገቡት ቃል ውስጥ እንደማያካትቷቸው፣ በስም የሚጠራ ሰውም በጥንቃቄ እንዲሆን ጽፈዋል። በቋንቋው የተፈቀደውን በመመሪያ ማሳሰቢያ መመለስ ምን ያህል እንደሚጸና አንባቢ ይገምት፤ መመሪያ የሚያነበው ጥቂት ነው።

እስከዚህ የተረክነው በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ክርክር ነው፤ አንዱ ደራሲ፣ ሌላው ጠሪ። ክርክሩም ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በልማድና በምርጫ ነው፤ አንዱ አጭር ጽሑፍ ይወዳል፣ ሌላው ግልጽነትን። የሥነ ልሳን ሰው ግን የሚያመዛዝንበት ሌላ ሚዛን አለው፤ የሰው ቋንቋ ራሱ የአጠራርን ስልት እንዴት ያስተዳድራል የሚለውን ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ የተራ ቋንቋ ነው፤ ማን ነካሽ፣ ማን ተነካሽ እንደሆነ የሚለየው ከግሱ በፊትና በኋላ በመቀመጥ ነው። አማርኛ ግን ወደ ስም ጥሪ ያደላል። «ውሻው ልጁን ነከሰው» ብንልም «ልጁን ውሻው ነከሰው» ብንልም ነካሹ ውሻው ነው፤ ለውጡ በአጽንዖት እንጂ በፍሬ ነገሩ አይደለም። «ለ»፣ «በ»፣ «ከ»፣ «ወደ» እና «ን» ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የሥራ ስሙን ይሰጡታል፤ ተራውን ተናጋሪው ይመርጣል። ይሁን እንጂ አማርኛ ምልክትን በሁሉም ስፍራ አያስገድድም። «ልጁ ውሃ ጠጣ» ሲባል «ን» የለም፤ ጠጪና ተጠጪ አይምታቱምና። «ልጁ ውሃውን ጠጣ» ሲባል ግን የታወቀው ውሃ ያለ «ን» አይሄድም። የሰዋስው ሊቃውንት ይህን የሚያስረዱት በእሙርነት ነው፤ ትክክልም ነው። ቢሆንም እሙር የሆነ ስም ከባለቤቱ ጋር ሊምታታ የሚችል፣ ባለቤት ለመሆንም የሚበቃ ስም መሆኑን ስናስብ፣ ቋንቋው ግዴታውን የጣለው መሳሳት በሚቻልበትና መሳሳቱም በሚጎዳበት ስፍራ ላይ መሆኑን እንገነዘባለን። በሌላው ስፍራ ተናጋሪውን ለቀቅ አድርጎታል። ማንም ደራሲ ያልጻፈው ሕግ ከብዙ ደራሲዎች ሕግ ይልቅ ልከኛ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወገን እንምጣ። ለተርጓሚ የሚሰጠው የኮምፕዩተር መልእክት በአብዛኛው ክፍት ቦታዎች ያሉት ዓረፍተ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን በክፍት ቦታዎቹ ይገባል። በሲ ቋንቋ ልማድ ክፍት ቦታው የሚመለከተው በመቶኛ ምልክትና በአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ፊደሉ የሚገባው ነገር ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ የሚለውን ይናገራል እንጂ የማን ስም እንደሆነ አይናገርም። የሚሞላውም በተራ ነው፤ ማለትም ተርጓሚው ያላየው የተራ ጥሪ በዓረፍተ ነገሩ ጀርባ ተቀምጧል።

በጎፋ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ የቤት ኪራይ መቀበያ ፕሮግራም ወደ አማርኛ በተመለሰ ጊዜ በሥራው ተካፋይ ነበርን። የእንግሊዝኛው ደረሰኝ የተቀባዩን ስም አስቀድሞ የከፋዩን ያስከትል ነበር፤ በገቢር ሳይሆን በተገብሮ የተሠራ ዓረፍተ ነገር ነበርና። እኛም የአማርኛን ወግ ጠብቀን «ከ… ተከፍሎ … ተቀብለዋል» ብለን ተረጎምነው፤ ለዓረፍተ ነገሩ ቅልጥፍና ተደስተን እንደነበር አንሸሽግም። ደረሰኙ ሲታተም አከራዩ ለተከራዩ ከፍሎ ተገኘ። ሁለቱም ክፍት ቦታዎች የሰው ስም የሚገባባቸው ስለነበሩ ኮምፕዩተሩ ቅር አላለውም፤ የትርጉሙን መዝገብ የሚመረምረው መሣሪያም ቢሆን የሚያየው በቁጥር ቦታ ጽሑፍ፣ በጽሑፍ ቦታ ቁጥር መግባቱን እንጂ የአንዱ ሰው ስም በሌላው ቦታ መግባቱን አይደለም። ያወቅነው አንዲት ተከራይ «ይህ ወረቀት እኔ ተቀበልኩ ይላል፤ ነገ ብሩን አምጪ ብባል ምን እላለሁ?» ብለው ደረሰኛቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ ነው። ልክ ነበሩ። ደረሰኙ ማስረጃ ነው፤ የተጻፈውም በእጃችን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? እኛ ተራውን አልጠየቅንም፤ ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን መልእክቱን የጠራው ፕሮግራመር ያደረገው ላይብረሪው የፈቀደለትን ነው፤ ላይብረሪውም ክፍት ቦታ በስም እንዲጠራ አልጠየቀም። መፍትሔው ቀድሞውኑ የታወቀ ነበር። ፖዚክስ በተባለው ደረጃ እያንዳንዱ ክፍት ቦታ የተራ ቁጥሩን እንዲይዝና ተርጓሚው እንዲያዛውረው የሚያስችል ምልክት አለ፤ የሲ ቋንቋ የራሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ይህን አልያዘም። የጃቫ የመልእክት አሠራርም በቅንፍ ውስጥ ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥር ማዛወርን ይፈቅዳል፤ ምንነትን ግን አይናገርም፤ እንደ ድሮው የቀበሌ አድራሻ ነው። በክፍት ቦታው ውስጥ «ከፋይ»፣ «ተቀባይ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ደረሰኛችን ሊገለበጥ አይችልም ነበር።

በዚህ ረገድ የጌትቴክስት መሣሪያ አዘጋጆች የወሰዱት አቋም የሚመሰገን ነው። የግኑ ጌትቴክስት ከ1995 ጀምሮ በነጻ ሶፍትዌር ትርጉም ሥራ ላይ የዋለ መሣሪያ ነው። በፓይተን ከተጻፈ ፕሮግራም የሚተረጎሙትን ዓረፍተ ነገሮች በሚለቅምበት ጊዜ ስም የሌላቸው ከአንድ በላይ ክፍት ቦታዎች ካገኘ ተርጓሚው ቅደም ተከተሉን ማዛወር ስለማይችል መልእክቱ በትክክል ሊተረጎም እንደማይችል ለፕሮግራመሩ ያስታውቃል፤ በስም እንዲተካውም ይመክራል። አይከለክልም፤ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውም ለጠሪው ምቾት ወይም ለደራሲው ጣዕም አይደለም፤ በቦታው የሌለ፣ ቋንቋውም የማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ወክሎ የሚናገር ነው። አንዲት ክፍት ቦታ ብቻ ስትኖር ዝም ማለቱም ልብ ይባል፤ አንድ ከሆነ የሚምታታ የለም። «ልጁ ውሃ ጠጣ» እንደማለት ነው።

ከዚህ የተነሣ እኛ የደረስንበት ፍርድ ይህ ነው። የላይብረሪ ደራሲ ጠሪውን በስም ጥራ ብሎ ማስገደድ የሚገባው ግብዓቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳይታወቅ ሊገለባበጡ በሚችሉበት፣ መገላበጣቸውም ጥሪውን ያልጻፈ ሰው በሚጎዳበት ጊዜ ነው። ከመለያ ሒሳብ ወደ መለያ ሒሳብ፣ ከስም ወደ ስም፣ ከቀን ወደ ቀን የሚልክ ጥሪ ሁሉ እዚህ ይገባል። በስም አትጥራ ብሎ መከልከል የሚገባው ደግሞ ስሙን ገና ካላጸናው ነው፤ የማይጠብቀውን ውል ከመግባት አልገባም ማለት ይሻላል። ከነዚህ ውጭ ያለው፣ አጭር ይሁን ረጅም፣ ይህ ይቅደም ያኛው ይከተል የሚለው፣ የጠሪው ነው። አንዳንድ ደራሲዎች የአጠራሩን ወጥነት እንደ ውበት ቆጥረው ሁሉንም በአንድ መልክ ሊያስገድዱ ይሞክራሉ። የእኛም ቤት ይህን ያውቀዋል፤ ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ የመጠቅለል ሐሳብ በአካዳሚ ደረጃ ተነሥቶ ብዙ ተብሎበታል፣ ሕዝቡ ግን ዛሬም ሠናይትን በንጉሡ ሠ፣ ሰላምን በእሳቱ ሰ ይጽፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል የተቀበለው ዩኒኮድም ሁሉንም እንዳሉ መዝግቧቸዋል። ፈላጊ መሣሪያ ሁለቱን ሰ አንድ አድርጎ ቢፈልግ ያግዛል፤ የጸሐፊውን ሠ ወደ ሰ ለውጦ ቢያትም ግን ከሥልጣኑ አልፏል።

አስገዳጅነት የሚገባበት፣ ግን እስካሁን በቂ ትኩረት ያላገኘ ሌላ ስፍራ አለ፤ እርሱም ጠሪው ጨርሶ የማይልከው ግብዓት ነው። እንግሊዝኛ «ላከ»ን ከ«ላከች» አይለይም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የሚያስብ ፕሮግራመር የላኪውን ስም ሲልክ ጾታን አብሮ አይልክም፤ ቋንቋው አይጠይቀውምና። አማርኛ ግን ያለ ጾታ ነጠላ ግስ የለውም፤ ለማን እንደተላከም በግሱ ላይ ይታያል፣ ላከላት ወይም ላከለት። ተርጓሚዎች ያገኙት ማምለጫ አክብሮት ነው። ትእዛዙን ሁሉ «ያስገቡ»፣ «ይጫኑ» ይላሉ፤ የሦስተኛውን ሰው ድርጊት «ልከዋል» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ኮምፕዩተር በአማርኛ ሲናገር የአሥር ዓመቱን ልጅ አንቱ ይላል። ብልሃቱን አንነቅፍም፤ ከሁለቱ ጾታዎች አንዱን በግምት ከመምረጥ ይሻላል። ሆኖም ይህ የአማርኛ ወግ የወለደው ሳይሆን የጠሪው ዝምታ የጫነው አክብሮት ነው።

የብዙ ቁጥር ጉዳይ በአንጻሩ ተስተካክሏል። ጌትቴክስት ስንት የቁጥር መልክ እንዳለና የትኛው ለየትኛው ቁጥር እንደሚሆን የሚወሰነው በትርጉሙ መዝገብ ውስጥ እንዲሆን አድርጓል። በአማርኛ 0 እና 1 ነጠላውን መልክ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ብዙውን ይወስዳሉ፤ 0 ፋይል፣ 1 ፋይል፣ 2 ፋይሎች። ይህ ሊሆን የቻለው የላይብረሪው ደራሲ ጠሪውን ቁጥሩን ለይተህ ላክልኝ ብሎ ስላስገደደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው የተሟላ የአጻጻፍ ደንቡ የወጣለት የሞዚላው ፍሉዌንትም ክፍት ቦታዎችን በስም ብቻ ያውቃል፤ ተርጓሚውም በተላከለት ግብዓት ላይ ተመሥርቶ ዓረፍተ ነገሩን ሊያማርጥ ይችላል፣ እንግሊዝኛው ባያማርጥም። ጾታ ከተላከለት «ላከ» እና «ላከች» ብሎ ይለያል። ካልተላከለት ግን ምንም ያህል ጎበዝ ተርጓሚ ቢሆን ሊፈጥረው አይችልም።

የጎፋው ደረሰኝ በኋላ ታረመ። በአዲሱ የመልእክት መዝገብ ክፍት ቦታዎቹ «ከፋይ»፣ «ተቀባይ» እና «የገንዘብ መጠን» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን ያሻሻለው ሌላ ተርጓሚ ነው፣ እኛን ምንም መጠየቅ አላስፈለገውም። የጾታው ነገር አልተነካም። ስለዚህ ደረሰኙ አሁንም ወንዱንም ሴቷንም፣ አከራዩንም ወኪል ሆኖ የሚፈርመውን ወጣት ልጁንም፣ ሁሉንም «ተቀብለዋል» ይላል።